ተርኪ የማይገድል ቾክ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይኼን የምለው ለኑዛዜ አይደለም፤ ሰው ቁመቱን እንደሚናገር ነው። መኪናዬን ቆልፌ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እሞክራለሁ። ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ከመክፈቴ በፊት ፖስታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አያለሁ። ሰው በነጻ ሲያመሰግነኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ከተመነጠረ በኋላ ነው የሚያስታውሰው፤ እኔ ግን ጠዋት ጫማዬን ሳስር እለዋለሁ።

ስለዚህ የጋራዣችን መካኒክ ተርኪ የሚሉትን ዶሮ መሰል ግዙፍ ወፍ «ልናድን እንሂድ» ሲለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ እየፈጠርኩ አመለጥኩት። እኔ ሴንት ፖል አጠገብ ባለችው ሮዝቪል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሱ አውቶቡሶቹን ይጠግናል። ስድሳን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃል የሚቆጥብ ነጭ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእኔ ጋር ያወራው ስለ ፍሬን፣ ስለ በረዶ እና ስለ ተርኪ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሹፌር መካከል ለምን እኔን መረጠ? ሌሎቹ እምቢ ብለውት ነው? ወይስ ጫካ ወስዶ የሆነ ነገር ሊሸጥልኝ ነው? መልሱን ስላላገኘሁት እምቢታዬን ቀጠልኩ።

ሐሳቤን ያስለወጠችኝ እናቴ ናት። ባለፈው ነሐሴ ከአገር ቤት መጥታ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው አፓርታማችን ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ጾም የማታፈርስ። እኔ ደግሞ ባገባሁ በዓመቱ ወደ ባለቤቴ የፕሮቴስታንት ቸርች ሄጃለሁ። ያኔ በስልክ ስነግራት «እግዚአብሔር አንድ ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። የተዘጋ በር ግን የተቆለፈ ይሁን አይሁን ሳይሞክሩት አይታወቅም።

የገና ሰሞን ከቸርች ጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በግ ገዝተን እዚያው አረድን። የእኔን በግ በእጄ ነው ያረድኩት። ማታ ባለቤቴ ወጡን ስታቀርብ እናቴ «ማን አረደው?» አለች። «እኔ» አልኳት። «ጎሽ» አለችና ጎመኑን ወደ ራሷ ጎተተች። ሆዷን ትንሽ እንደከፋት ነገረችን።

ጠይቄ ማረጋገጥ እችል ነበር። ግን ተጠራጣሪ ሰው አይጠይቅም፤ ይከታተላል። እኔም ተከታተልኩ። ሽሮ ትበላለች፣ ምስር ትበላለች። እንቁላል ትበላለች። ዓሣ ከሱቅ ሲመጣ ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ ዓሣ አይታረድማ። እኔ ያረድኩት ሥጋ የቀረበ ቀን ብቻ ሆዷ ይከፋል። እንግዲህ ሆዷ ሳይሆን የእኔ እጅ ነው የከፋት። ሃይማኖቱን የቀየረ ልጅ ቢላዋ ሲያነሣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ማለቱን ማን ያረጋግጥላታል? እንዲህ ብዬ ፈረድኩ። ዶክተሯ ክብደቷ እየቀነሰ ነው፣ ሥጋ ትብላ ሲል ደግሞ ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝ። እናቴ በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ እጄ እየፈራች ስትከሳ ማየት አቃተኝ። ከእጄ እንድትበላ እፈልግ ነበር። ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

በመጋቢት አንድ ጠዋት አምስት ተርኪዎች የአፓርታማችንን መኪና ማቆሚያ እያቋረጡ ሄዱ። እዚህ አካባቢ የዱር ተርኪ እንደ ጎረቤት ነው፤ መኪና ሲያጋጥመው እንኳን አይቸኩልም። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አየቻቸው።

«ይኼ የማን ዶሮ ነው?» አለች።

«የማንም አይደለም እማዬ። የዱር ነው።»

«ጅግራ ይመስላል፤ ግን ጅግራ እንዲህ አይገዝፍም።» ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ አየችና «እንዲህ ያለውን ለፋሲካ ብታመጣልኝ እበላ ነበር። ማንም ያልነካው፣ መድኃኒት ያልወጉት» አለች። ወዲያው ጣቷን ቀስራ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ ባርከህ ካረድከው ነው። ጥይት የገደለውማ በክት ነው፤ በአፌ አይዞርም።»

«ማንም ያልነካው» ስትል እኔን መሆኑ ነው ብዬ ያን ቀን ሙሉ አብሰለሰልኩት። ግን እበላ ነበር ብላለች፤ ባርከህ ካረድከው ብላለች። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ገርበብ አደረገችልኝ። በማግስቱ መካኒኩን ፈልጌ «መጣሁ» አልኩት። ምንም አልተገረመም፤ አለመገረሙም አጠራጠረኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጫካ? ከነጭ ሰውዬ ጋር? ሁለታችሁም ጠመንጃ ይዛችሁ? ሲሪየስ ነህ?»

«ላይሰንስ አወጣለሁ። ኮርሱንም ኦንላይን ጨርሻለሁ።»

«እሱ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው? ላይፍ ኢንሹራንስህን ቼክ አድርጌ ነው የምትሄደው።»

እሷም ከእኔ ጋር ብዙ ስለኖረች ተጋብቶባታል።

ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት መካኒኩ ከሴንት ፖል ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ከሩብ ነድቶ ወደ እህቱ እርሻ ወሰደኝ። ሊያውሰኝ ያመጣውን፣ ሾትገን የሚሉትን የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ጭኖ ነበር። አሸዋ የሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ቆመን አስተማረኝ። የሾትገን ጥይት ውስጥ አንድ እርሳስ አይደለም ያለው፤ ማሽላ የሚያህሉ ብዙ የእርሳስ ፍሬዎች ናቸው። ቾክ የሚሉት ደግሞ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባ አጭር የብረት ቱቦ ነው። ጠባብ ቾክ ከሆነ ፍሬዎቹ ሳይበታተኑ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ሰፊ ከሆነ ገና ከመውጣታቸው ይበተናሉ። «አትክልት የምታጠጣበትን ጎማ አስብ» አለኝ። «ጫፉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው ውሃው ሩቅ ይሄዳል። ስትለቀው እግርህ ሥር ይፈሳል።»

የእሱ የተርኪ ቾክ ከአፈሙዙ ወጣ ብሎ የሚታይ፣ ጥቁር፣ በጣት የሚጠብቅ ነው። የመለዋወጫ ዕቃ የመጣበትን ካርቶን ገልብጦ የተርኪ ራስና አንገት በማርከር ሣለበት፤ አርባ እርምጃ ለክቶ ተከለው። ተኮስኩ። ሄደን ስናይ ራሱ ወንፊት ሆኗል። አንገቱ ላይ ጣት የሚያሳርፍ ቦታ የለም። ሰውነቱ ይሆን በነበረበት በኩል ግን አንድ ቀዳዳ አልነበረም።

መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «ይኼ ወፍ የጥይቱን ድምፅ እንኳን አይሰማም» አለ። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «እዚህ መሬት ላይ ሕጌ አንድ ነው። አንድ ጥይት፣ ወዲያው። አቁስሎ መልቀቅ የለም። ይኼን ቾክ፣ ይኼን ጥይት። ጥይቱን ራስህ ግዛ፤ ግን ዛሬ የተኮስከውን ዓይነት ይሁን።» እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት።

እየተመለስን ሳለ እሱ ስለ ተርኪ ዓይን ያወራል። ተርኪን የሚያህል ተጠራጣሪ ፍጡር የለም አለኝ፤ አንድ ቅጠል ካለቦታው ካየ ተመልሶ ይሄዳል። ወፉን ወደድኩት። እኔ ግን የማስበው ስለ ካርቶኑ ነው። ራሱ ወንፊት የሆነ ወፍ ጋ አርባ እርምጃ ሮጬ እስክደርስ ነፍስ ይኖረዋል? አይኖረውም። በክት ይዤ ልገባ ነው።

ታዲያ ለምን አልጠየቅኩትም? ሰውዬው አርባ ዓመት ያደነ ነው፤ ስለ ተርኪ ሞት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አልጠየቅኩትም፤ ምክንያቱም ብነግረው ይስቅብኛል፣ ካልሳቀም ጠመንጃውን ይወስድብኛል፣ ካልወሰደም ጋራዥ ውስጥ ያወራዋል ብዬ ጠረጠርኩ። በራሴ ሒሳብ ሄድኩ። ቾኩ ሰፊ፣ ጥይቱም ቀላል ከሆነ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይነካዋል። ክንፉ ይሰበራል፣ ይወድቃል፣ በሕይወት ይጠብቀኛል። እኔ ቢላዋዬን ይዤ እደርሳለሁ። ሒሳቡ በጣም ትክክል መስሎ ታየኝ።

ዕቃውን ለመግዛት እስከ ቡርንስቪል ድረስ ድራይቭ አደረግኩ። ሮዝቪል አጠገባችን ሱቅ ሞልቷል፤ ግን እዚያ ካሸር ሆኖ የሚቆመው ሐበሻ ሊሆን ይችላል። ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ከቸርቻችን አንድ ሰው አያጣም፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ «ወንድማችን ጥይት ሲገዛ ታየ» ይባላል። ቡርንስቪል የሚያውቀኝ የለም።

ጺሙን ያሳደገ ሻጭ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ከባድ ሳጥን ከፊቴ አስቀመጠ። ተንግስተን ነው፣ ከእርሳስ ይከብዳል፣ ሩቅ ይሄዳል አለኝ። ዋጋውን ሳየው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ መሰለኝ። ኮሚሽን አለው ማለት ነው ብዬ ሳጥኗን መለስኩለት። መካኒኩ ያዘዘውን ጥይት አንድ ካርቶን ወሰድኩ፤ እሱ ቢጠይቀኝ የማሳየው ነው። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ሰፊ ቾክም እፈልጋለሁ። ጥይትም ቀለል ያለ፣ ፍሬው ደቀቅ ያለ።»

«ለምን አደን?»

«ተርኪ።»

ሳቀ። «በዚህማ አይሞትልህም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አልኩት። «እንዳይሞት።»

ሳቁ ቆመ። ሁለቱን እጆቹን ባንኮኒው ላይ አደረገና እዚያ ማዶ ጫማ የሚደረድረውን ጓደኛውን ቀና ብሎ አየው። ያልኩት ነገር ከውጭ ሆኖ ለሚሰማው እንዴት እንደሚሰማ ያኔ ገባኝ። «ለልምምድ ነው። ወረቀት ላይ» አልኩ ፈጠን ብዬ። ወረቀት እንደማይሞት ሁለታችንም እናውቃለን። መታወቂያዬን ከሚገባው በላይ ይዞ እያገላበጠ አየው። በመጨረሻ ሸጠልኝ፤ ግን ከበሩ እስክወጣ ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ሰውን ያየሁበት ዓይን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

የሄድነው በቅዳሜ ሹር ነው። እናቴ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አክፍላ ነበር። ስወጣ ነቅታ ጠበቀችኝ። ቢላዋዬን በጨርቅ ስጠቀልል አየችና «ተስሏል?» ብቻ አለችኝ።

እርሻው ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ሜዳው ጠርዝ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፌ እንድቀመጥ አደረገኝና እሱ ከፕላስቲክ የተሠራች ሴት ተርኪ ሊተክል ወደ ሜዳው ገባ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጥቁሩን ቾክ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፣ የራሴን አስገባሁ። ቀላሉን ጥይትም አጎረስኩ። መካኒኩ ተመልሶ ከጎኔ ሲቀመጥ «ተዘጋጅተሃል?» አለኝ። «ተዘጋጅቻለሁ» አልኩ።

አንዲት የእንጨት ሳጥን አወጣና ክዳኗን እየፋቀ እንደ ሴት ተርኪ ጮኸ። ከጫካው ውስጥ ወንዱ መለሰለት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲጠራሩ ቆዩ፤ ከዚያ ወጣ። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ ነው የመጣው። በየአሥር እርምጃው ይቆማል፤ አንገቱን አስግጎ ዙሪያውን ያያል። ፕላስቲኳን አላመናትም። እውነቱን ነበር። ግን መጣ።

«አሁን» አለ መካኒኩ በሹክሹክታ።

ተኮስኩ። ወፉ ተንከባለለ። ጠመንጃውን አስቀምጬ፣ ቢላዋዬን መዝዤ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያልኩ ሮጥኩ። መካኒኩ ከኋላዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ወፉ ተነሣ። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል። አየኝ። ከዚያ ሮጠ፤ ተርኪ እንዲያ ይሮጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሜዳውን ቆርጦ፣ አጥር ሾልኮ፣ ረግረጉ ውስጥ ባለው ቄጠማ ገባ። ባርኬው ነው የሄደው።

ጠመንጃዬን መልሼ አነገትኩና እስከ ረፋድ ፈለግነው። ቄጠማው ወገብ ይደርሳል፤ ውሃው ቦት ጫማዬ ውስጥ ገባ። ጥቂት ላባ አገኘን፣ ቅጠል ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ደም አገኘን፤ ከዚያ ምንም። መካኒኩ የራሱን ጠመንጃ እንደያዘ አንተ በዚህ፣ እኔ በዚያ ብሎ በእጁ አሳየኝና ተለያየን። ትንሽ ቆይቶ ከኮረብታው ማዶ አንድ ተኩስ ሰማሁ። አገኘው ብዬ ቢላዋዬን ይዤ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ሮጥኩ። ስደርስ እግሩ ሥር የወደቀው ወፍ ጸጥ ብሏል። ሁለቱም ክንፎቹ ደህና ናቸው።

«የአንተ አይደለም» አለ። «የአንተ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ነው።»

የእኔን ጠመንጃ ከትከሻዬ ላይ ወሰደ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፣ ከዚያ አፈሙዙን አየ። ወጣ ብሎ መታየት የነበረበት ጥቁር ብረት የለም። ጣቱን ጫፉ ላይ አሳረፈ። ቀና ብሎ አየኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። እናቴን፣ በጉን፣ በክት የሚባለውን፣ ቡርንስቪልን። ስጨርስ አልሳቀም። ጠመንጃውንም አልመለሰልኝም።

«ተርኪ ራሱን ከተመታ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይንፈራገጣል» አለ በመጨረሻ። «ልቡ ይመታል። ቅድም ይኼኛውም እንደዚያው ነበር። ቀረብ ሲልልን በጠባቡ ቾክ መትተኸው ቢሆን ኖሮ፣ ቢላዋህን ይዘህ ተራምደህ ትደርስ ነበር። ጸሎትህን ሁለት ጊዜ ትለው ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ቾኩን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩለት፤ ተቀብሎ በጨርቅ ጠረገው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ወፉን አነሣና የእኔ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠው። «ብቻዬን ነኝ፣ ይኼን ሁሉ አልጨርሰውም። ለሚስትህና ለልጆችህ ውሰደው። ለእናትህ ግን ማን እንደመታው ንገራት።» ለምን እንደሚሰጠኝ ልጠረጥር ሞከርኩ። አንድም ነገር አልመጣልኝም።

እውነት ለመናገር ልነግራት ነበር የገባሁት። ደረጃውን ስወጣ ቃላቱን ስደረድር ነበር። ግን በሩን የከፈተችው ራሷ እናቴ ናት። ወፉን በእግሩ አንጠልጥዬ ስታየኝ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች።

«አመጣኸው! እልልል!» አለች፣ በጾም በደከመ ጉሮሮዋ። ቦት ጫማዬ ጭቃ፣ ሱሪዬ እስከ ወገቤ እርጥብ ነው። «ልጄን እንዴት አንገላቱብኝ» ብላ አቀፈችኝ። ደረቱን ዳበሰችው፣ ላባውን ገልጣ ሥጋውን አየች። ባርከኸዋል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስላልጠየቀችኝ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ከሳሎን ሰማኋት። «ልጄ በገዛ እጁ ባርኮ አርዶልኝ» ትላለች። «አዎ፣ የዱር ነው። አይ፣ እነሱም እኮ ስሙን ይጠራሉ።» እኔ ወፉን እየበለትኩ ነበር። ባለቤቴ በርበሬውን እያቁላላች «ምን ሆነሃል? ፊትህ ኦኬ አይደለም» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኩ። አንድ ውሸት በዝምታ ከተጀመረ በኋላ ሌሎቹ በቃል ይመጣሉ።

እናቴ ከትንሣኤው ቅዳሴ ከጓደኞቿ ጋር ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ አረፍ አለች። እዚያ ጾም ሲያስፈቱ እሷ አልቀመሰችም፤ «ከልጄ ጋር ነው የምፈታው» ብላለች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች፣ ሁለት ቀን ተኩል ያከፈለች የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ እሑድ ጠዋት ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ባለቤቴ ወጡን አወጣች። ልጆቹ ተርኪው ትንሽ ይጠነክራል ብለው በእንግሊዝኛ አጉረመረሙ፤ ዝም አሰኘቻቸው።

እናቴ አማተበች። እንጀራውን ቆረሰች፣ ከደረቱ ሥጋ ጨለፈች፣ ጠቀለለች። ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተ ቅደም። የደከምክበት አንተ ነህ።»

ጎረስኩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ እናት የምታጎርሰው። አፌ ሞልቶ ሳላላምጠው፣ እሷ የራሷን ጠቅልላ ወደ አፏ አነሣች። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ አንጓዋን ያዝኩት። በጣም ነው የያዝኩት፤ ወጡ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

«እማዬ አትብዪው» አልኩ፣ አፌ እንደሞላ። «በክት ነው። እኔ አይደለሁም የገደልኩት። አልባረክኩትም።»

ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። እናቴ ጉርሻውን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው። ነገርኳት፤ ስለ ጠባቡና ስለ ሰፊው ቾክ፣ ካርቶኑ ላይ ስላየነው፣ ቄጠማው ውስጥ ስለጠፋው። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የቆሰለውስ?»

«አልተገኘም።»

አማተበች። «ነፍስ አቁስለህ ጥለህ መጣህ» አለች። «በእኔ ሆድ የተነሣ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። ከቁጣዋ ይልቅ ያ ባሰብኝ። ከዚያ፣ ሌላ የማጣው ነገር ስላልነበረኝ፣ ከገና ጀምሮ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ የገናውን በግ ያልበላሽው በእኔ ምክንያት ነው? ቸርች ስለቀየርኩ?»

አይደለም ትለኛለች ብዬ ነበር። ቢያንስ ለበዓሉ ስትል።

«አዎ» አለች። «ጠርጥሬህ ነበር። ስሙን ሳይጠራ አርዶ ጠርቻለሁ ቢለኝ በምን አውቃለሁ ብዬ።» እጇን በውሃ አለቀለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ሳይሆን በወረቀት አደረቀችው፤ የፈሰሰውን ወጥ አየችና ተወችው። «ሊዋሸኝ የፈለገ ልጅ ግን አሁን እጄን አይዘውም ነበር። ባትይዘኝ ጎርሼ ነበር እኮ።»

ጾሟን የፈታችው ባለቤቴ በቀቀለችላት እንቁላልና በአይብ ነው። ተርኪውን እኛ በላነው፤ ልጆቹ እውነታቸውን ነው፣ ይጠነክራል። ከመካኒኩ ጋር ገና አልታረቅንም። ሰኞ ዕለት ከእናቴ ጋር የሆነውን ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ይኼን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ለሚመጣው ዓመት አልጋበዘኝም። አልፈርድበትም።

እናቴን ግን ያለችው ከልቧ ይሁን ወይስ እኔን ለማጽናናት፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጠራጠር ሰነበትኩ። አመል አይለቅም። በዳግማይ ትንሣኤ የገናውን በግ ወደገዛንበት እርሻ ሄጄ ብቻዬን በግ አረድኩ። ጸሎቱን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የሚሰማኝ ከሩቅ ድርቆሽ የሚያወርደው ገበሬ ብቻ ነበር። ማታ ሥጋው ሲቀርብ ዓይኔን ትሪው ላይ ተክዬ ቀረሁ፤ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። የሰማሁት ከእናቴ በኩል አጥንት ሲጋጥ ነው።